ደቃቅ ስፌት በፌስታል ላይ

ልብስ ሰፊዋ ቀዳዳውን ያየችው ቀትር ላይ ነው። ልጅዋ ከፌስታል የተሰፋውን ቀሚስ ለብሳ መስታወት ፊት ስትዞር፣ ከወገቧ በስተጀርባ ስፌቱ ዳር ላይ የጥፍር ያህል ተከፍቷል። ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካችው። ክሩ አልተበጠሰም። መርፌው የወጋቸው ቀዳዳዎች እርስ በርስ ተያይዘው ፌስታሉ ራሱ እንደ ቲኬት ጫፍ ተቀድዷል።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ወዲያው ገባት። ዕድሜዋን ሙሉ የኮራችው በደቃቅ ስፌቷ ነው፤ ደንበኞቿ "የሷ መርፌ በጉንዳን እግር ነው የሚሄደው" ይሏታል። ፌስታሉንም የሙሽራ ሐር በምትሰፋበት ልክ ጥቅጥቅ አድርጋ ሰፋችው። ጨርቅ መርፌው ሲወጣለት መልሶ ይገጥማል፤ ፌስታል አይገጥምም። ሰፋ ሰፋ አድርጋ ብትወጋው ኖሮ ይይዝ ነበር።

"ምን አየሽ እማ?" አለች ልጅቱ ከመስታወቱ ውስጥ።

"ክር ነው" አለችና ቀና አለች። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ።

ባለፈው ክረምት የሰፈሩ የጎርፍ ቱቦ ተደፍኖ ውሃው የሚተኙበት ክፍል ድረስ ገብቶባቸው ነበር። ሲቆፍሩት የወጣው ፌስታል ነው፣ ክምር ፌስታል። ልጅቱ ያንን ሰብስባ አጠበች፣ ገመድ ላይ አሰጣች፣ በወረቀት መሃል እየደራረበች በካውያ አጣበቀችው። የክፍል ጓደኞቿም ከጆንያ ካፖርት፣ ከቆርቆሮ ክዳን ኮፍያ ሠርተዋል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የገበያው ነጋዴዎች ማኅበር ለገዢ ፌስታል መስጠት ይቁም አይቁም ብሎ እጅ ሊያወጣ ይሰበሰባል። ከዚያ በፊት ልጆቹ የሠሩትን ለብሰው በአዳራሹ መሃል ያልፋሉ። የመጨረሻዋ የልብስ ሰፊዋ ልጅ ናት።

ለገበያው ፌስታል የሚያከፋፍለው ደግሞ የልብስ ሰፊዋ ታላቅ ወንድም ነው። የምትሰፋበት ክፍልም የሱ መጋዘን የፊት ክፍል ነው። ፌስታሉ ሰማያዊ ሆኖ ነጭ ርግብ ታትሞበታል፤ ከቱቦው የወጣውም አብዛኛው ባለ ርግብ ስለነበር የቀሚሱ ደረት ላይ ርግቦቹ ተርታ ይዘዋል። እናትየው ወደ ውስጥ አዙሪያቸው ብላ ለምናት ነበር። ልጅቱ፣ ቱቦው ውስጥስ ማን አዞራቸው ብላ እምቢ አለች።

ወንድምየው መጀመሪያ ሲሰማ ስቆ ነበር፤ የቆሻሻ ሙሽራ ልትድሪ ነው አሉ እያለ ሲቀልድባት ሰነበተ። ትናንት ግን ሳይስቅ መጣ። የስፌት መኪናዋን በመዳፉ እየደባበሰ፣ "ልጅሽ በኔ ዕቃ ለብሳ ሰው ፊት ካሳጣችኝ፣ የክፍሉን ቁልፍ ታስረክቢኛለሽ" አላት። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

ለልጅዋ አልነገረቻትም። ተይው ብላ ለመከልከልም አፏ አልታዘዛትም። ስለዚህ ቀትር ላይ ያቺን ቀዳዳ ስታይ የተሰማት ድንጋጤ ሳይሆን እፎይታ ነበር። ቀሚሱ ራሱ እምቢ ይበል። እሷ ማንንም ሳትክድ ነገሩ ይቀራል።

አዳራሹ ጀርባ፣ ትርፍ ወንበር በተቆለለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። ባለ ጆንያው ካፖርት ወጣ፤ የሰው ሳቅና ጭብጨባ በመጋረጃው አልፎ መጣ። ልጅቱ የአንገቷን ጠርዝ ልታስተካክል ክንዷን ስታነሳ፣ ከወገቧ እስከ ትከሻዋ አጥንት ድረስ ቀስ እያለ ሲተረተር ሁለቱም ሰሙት።

እናትየው መርፌ ቁልፍ አወጣች፤ የወጋችበት ቦታ ሁሉ አዲስ ቀዳዳ ሆነ። አንዷ የልጅቱ ጓደኛ ስኮች ፕላስተር ሮጣ አመጣች፤ ሰም እንደተቀባ ነገር ከፌስታሉ ላይ ይንሸራተታል። ልጅቱ እጇን ወደ ኋላ ልካ የተቀደደውን ስትዳብስ ቆየችና ጠርዙን ጎትታ አየችው።

"ይሄ አሁን የተቀደደ አይደለም" አለች። "ከታች ያለው ጠርዝ ቀድሞ ተለጥጦ ነጥቷል። ቀትር ላይ ክር ነው ያልሽኝ ይሄንን ነው?"

እናትየው መርፌ ቁልፏን ዘጋች።

"እማ፣ አጎቴን ፈርተሽ ነው?"

"ቁልፉን አስረክቢ ብሎኛል።"

እናትየው፣ ልጅቱ ትጮሃለች ብላ ጠብቃ ነበር። እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ብትነግሪኝ እኮ አብረን እናስብበት ነበር። አንቺ ግን ቀዳዳ ጠበቅሽ።"

ይህን ብላ ቀሚሱን ከትከሻዋ ታወርድ ጀመር። በመጋረጃው ማዶ የማኅበሩ ሊቀመንበር የመጨረሻዋ ትውጣ እያለ ይጣራል። እናትየው የልጅዋን ፊት አየች። ቁጣ አልነበረበትም፤ ከሩቅ ዘመድ ቤት ተሰናብቶ የሚሄድ እንግዳ ፊት ነበር። ቁልፉን፣ ክፍሉን፣ መኪናዋን የምታቆምበትን የመስኮት ብርሃን አሰበች፤ ከዚያ ተራመደችና ከትከሻዋ የወረደውን መልሳ ጎተተችው።

"አታውልቂው። ከኋላሽ እይዘዋለሁ። ቀስ ብለሽ ሂጂ።"

ሲወጡ አዳራሹ ሳቀ። ከፊት ርግብ የተደረደረባት ልጅ፣ ከኋላ ሽርጧን እንዳሰረች፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ ሁለት እጇን ልጅዋ ጀርባ ላይ የተከለች እናት። አንዲት አትክልት ሻጭ "ሚዜዋም መጣች" አለች። ልጅቱ ግን ስትራመድ ፌስታሉ ይንሿሿ ነበር፣ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር እንደሚሰማው። ሳቁ እየቀነሰ ሄደ። በዚያ ክረምት ውሃ ያልገባበት ሱቅ አልነበረም።

ወንድምየው ከመተላለፊያው ዳር ተቀምጧል። መጀመሪያ ርግቦቹን አየ፤ ቀጥሎ እህቱን። አጠገቡ ሲደርሱ ሳይነሳ መዳፉን ዘረጋ።

"ቁልፉን።"

ልጅቱ ቆመች። እናትየው በጣቶቿ መሃል ጠርዙ ሊያመልጣት ሲል ጠበቅ አደረገችው።

"እጄ ተይዟል፣ ጋሼ" አለች፤ ከኋላ የተቀመጡትም ሰሙ። "ኪሴ ውስጥ ነው። አንተው አውጣው።"

ወንድምየው የሽርጧን ኪስ አየ። ዙሪያውን አየ፤ ሰው ሁሉ ወደሱ ዞሯል። የዘረጋው መዳፍ ትንሽ አየር ላይ ቆየና ወደ ጉልበቱ ተመለሰ። "ነገ እንገናኛለን" አለ በጥርሱ መሃል።

"እንገናኛለን" አለችው።

ሄዱ። ቁልፉ በተራመደች ቁጥር ጭኗን ይመታታል። የሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ጋ ሲደርሱ የሚዞሩበት ቦታ ስለሌለ እዚያው ቆሙ። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገና ፌስታል ይቁም የምትሉ አባላት እጅ አውጡ አለ።

ማንም አላወጣም። አትክልት ሻጯ አከፋፋዩን ታያለች፤ ሥጋ ሻጩ ጫማውን ያያል። እናትየውም የማኅበሩ አባል ነበረች፤ ነገር ግን እጇን ብታነሳ ቀሚሱ እስከ ታች ይከፈታል። እንደዚያ ቆማ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ሌላ ሰው እንዲጀምር ትለምን ነበር በልቧ።

የልጅዋ እጅ ወደ ኋላ መጣ። ጣቶቿን ፈልጎ አገኛቸውና ከሥራቸው ገብቶ ጠርዙን ጨበጠ።

"ልቀቂው እማ" አለች ሳትዞር። "እኔ እይዘዋለሁ።"

የእናትየው ጣቶች ደንዝዘው አንድ በአንድ ተላቀቁ። እጇን ወደ ላይ ስትዘረጋ ሜትሯ ከአንገቷ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ጎንበስ ብላ አላነሳችውም።