አውቶቡሱን የላከው ሰው

ጠዋት እንደ ሌላው ቀን ፔርሙዙን ሻይ ሞላች፣ መስኮቱን ዘጋች፣ ቁልፉን ሁለቴ አዙራ ወጣች። የፋይናንስ ድርጅቶችን የሚመረምር የመንግሥት ባለሙያ ከሚመረምረው ቤት ውኃ እንኳ አይጠጣም። የሒሳብ መምህር የነበረው ባሏ "እናንተ እኮ ውኃም አታምኑ!" እያለ ፔርሙዙን ይሞላላት ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ ይህ የመጀመሪያ ምርመራዋ ነው።

ከቡድኗ ጋር ቁጠባ የሚሰበስበውን አበዳሪ ኩባንያ መርምረው ጨርሰው ዛሬ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው እህት ኩባንያ፣ ወደ አውቶቡስ አከራዩ ተሻገሩ። ባለቤቱ አንድ ነው፤ የቆጣቢው ገንዘብ ከአንዱ ኪሱ ወደ ሌላው እንዳይሾልክ ሁለቱም ይመረመራሉ። ግቢው ውስጥ ጎማ ይፈትሽ የነበረ ሹፌር ቀና ብሎ አያትና እጁን በጨርቅ ጠረገ።

"እትዬ፣ እንዴት ሰነበቱ? በረቱ?"

"ይቅርታ፣ የት ነው የምንተዋወቀው?"

"የጋሼ ቀብር ዕለት ሰው ያመላለስኩት እኔ ነኝ። ዝናቡ ትዝ አይልዎትም? ጃኬቴን ደረብኩልዎት።"

ጃኬቱ ትዝ አላት፤ ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ነበር። የሰውየውን ፊት ግን ያን ቀን አላየችውም።

"አውቶቡሱን የባሌ ወንድም የተከራየው መስሎኝ ነበር።"

"የምን ኪራይ! ባለቤቱ ናቸው የላኩኝ። ጋሼ ልጃቸውን አስተምረዋታል። 'ሳንቲም ብትቀበል ከሥራህ ተሰናብተሃል' ነው ያሉኝ።" ሳቀ፤ ወዲያው አፈረና ሳቁን ዋጠው።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ አንተንም እሳቸውንም" አለችው።

የቡድን መሪው ነገሩን ሰምቶ ሲያበቃ ራሱን አከከ።

"አንቺ ደግሞ! ሳታውቂ የተደረገልሽን ማን ይጠይቅሻል?"

"አሁን አወቅሁ። እነዚህን አውቶቡሶች ባየሁ ቁጥር የማየው ያንን ቀን ነው። ጥሩ ብጽፍ ውለታ ይሆንብኛል፤ ክፉ ብጽፍ ደግሞ አደላሽ እንዳልባል ፈርቼ ይሆናል።"

"እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ ምርመራ የለንም እኮ። ቤት መቀመጥ ከበደኝ ብለሽ የለመንሽኝ አንቺ አይደለሽም?"

"ነኝ። ቢሆንም ከዚህ ምርመራ አውጣኝ። ምክንያቱንም ሳትሸፋፍን ጻፍ።"

ፔርሙዙን ለባልደረቦቿ ተወችላቸው። ስትወጣ ሹፌሩ እጇን በሁለት እጁ ጨበጠ።

"ላድርስዎት?"

"አንዴ አድርሰኸኛል፤ አልረሳውም። ዛሬ በእግሬ ልሂድ።"

ቤት ስትደርስ ገና ቀን ነበር። ጫማዋን አወለቀች፣ መስኮቱን ከፈተች። "ምነው ዛሬ በጊዜ?" የሚላት ሰው የለም።