የግራው ስፒከር

«ንቀይው፣ እህቴ፣ ንቀይው! አቧራው አልበቃ ብሎ ኤሌክትሪክም ይጨመርብኝ?» አለ ጠጋኙ። እስከ ወገቡ ከመደርደሪያው ጀርባ ስለገባ የሚታዩት እግሮቹ ብቻ ነበሩ።

አስተማሪዋ ተንደርድራ የቴፑን ሶኬት ከግድግዳው ነቀለች።

ጠጋኙን ሰፈሩ «ዶክተር» ይለዋል። ሲሠራ ነጭ ጋዋን ይለብሳል፤ የተበላሸ ራዲዮ ሲያመጡለትም ከመፍታቱ በፊት ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጣል። ዛሬ የተጠራው አስተማሪዋ ከምትሠራበት ከተማ ይዛ የመጣችውን፣ የሳሙና መያዣ የምታክል ጥቁር ሳጥን፣ ከአባቷ አሮጌ ቴፕ ጋር እንዲያገናኝላት ነው። ሳጥኗ ዘፈን ከኢንተርኔት እየሳበች ለቴፑ ታቀብላለች። ዋጋዋም የአዲስ ቴፕ ሩብ አይሞላም።

«በስልክ ብቻ አይሆንም ነበር?» አለችው።

«በብሉቱዝ ይሆናል። ግን ብሉቱዝ ዘፈኑን ጨምቆ ነው የሚልከው፤ ጭማቂው መንገድ ላይ ይቀርና ልጣጩ ይደርስሻል። ይቺ ራሷ ከቤታችሁ ዋይፋይ ትቀበላለች። ደግሞ ቴፑ ውስጥ ይሄን የመሰለ አምፕሊፋየር እያለ አዲስ መግዛት ግፍ ነው። ጤናው ከእኔ ይሻላል! አይደለም እንዴ፣ አባቴ?»

የጠየቀው ልብስ ሰፊውን አባቷን ነው። በክፍሉ ቀኝ ጥግ፣ ከስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጦ ጠዋት የጀመረውን ሱሪ ጭኑ ላይ ዘርግቷል። ክሩ መርፌው ላይ ነው፤ እጁ ግን አይንቀሳቀስም።

እናቷ ከሞተች ሦስት ወር ሆኗታል። ከዚያን ቀን ወዲህ አባቷ ቴፑን አልከፈተም፣ ከሰውም ጋር አይነጋገርም። ባለፈው ሳምንት ጎረቤታቸው ደውላ፣ «አባትሽ ሰላምታውን እንኳ በአንገቱ ነው የሚመልሰው። ሰው እንዲህ ሆኖ አይከርምም፤ መላ በይ» ብላት ነበር። መላ ብላ ያመጣችው ሳጥኗን ነው። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ያለ ዘፈን አንድ ቁልፍ እንኳ ተክሎ አያውቅም። ዘፈኑ ወደ ቤቱ ከተመለሰ እሱም ይመለሳል ብላ ተስፋ አድርጋለች። ነገ ሰኞ ስለሆነ ተማሪዎቿ ይጠብቋታል፤ አመሻሹ ላይ መንገድ ትጀምራለች። ዛሬ ካልተናገረ፣ እንዲህ እንደ ተቀመጠ ትታው ልትሄድ ነው።

ዶክተር የገመዱን ቀይና ነጭ ጫፍ ከቴፑ ጀርባ ሰክቶ ወጣ። «አሁን ሰኪው።»

ከስልኳ ላይ እናቷ ትወደው የነበረውን የፒያኖ ዜማ መረጠች። ጥርት ያለ ድምፅ ከቀኙ ስፒከር ወጣ። የግራው ዝም አለ።

«እንዳልኩህ ነው፤ እሱ ከሞተ ዓመት አልፎታል» አለች።

ለጥየቃ በመጣች ቁጥር በዚህ ስፒከር አባቷን ትነዘንዘው ነበር። «አባዬ፣ እንደው ብታሠራው ምን አለ? ሙዚቃ በአንድ ጆሮ ይሰማል?» ስትለው ወደ ስፌቱ ያቀረቅራል። እናቷ ግን ከአልጋዋ ላይ ሆና፣ «ተይው፣ እኔንም ከድሮ ጀምሮ የሚሰማኝ በአንድ ጆሮው ነው» ትልና ትስቅ ነበር። ሳቁ ሳል ያስከትላል። አስተማሪዋ አፏን አውጥታ አትናገረው እንጂ በልቧ ታዝባዋለች፤ ቴፑን እንዲህ የተወ ሰው የታመመች ሚስቱንስ እንዴት ይዟት ይሆን እያለች።

ዶክተር በግራው ስፒከር ላይ ጆሮውን ለጠፈ፣ በጣቱ መታ መታ አደረገው። ከዚያ ወደ ቴፑ ፊት ዞሮ ትንንሾቹን ማዞሪያዎች ሲያይ ሳቀ።

«የሞተ ነገር የለም! ድምፁን ለቀኝና ለግራ የሚያካፍለው ይሄ ነው። ጭራሽ ወደ ቀኝ ተጠምዝዟል። ማነው በግራው ላይ እንዲህ የጨከነው?»

«ይኸው አባዬ! ዓመት ሙሉ!» ብላ እየሳቀች እጇን ሰደደችና ማዞሪያውን ወደ መሃል መለሰችው።

ፒያኖው ከግራ በኩል ሞልቶ ፈሰሰ።

አባቷ ብድግ ሲል ሱሪው ከጭኑ ወደቀ። «ቀንሺው! ቀንሺው እባክሽ፣ ገና አሁን መተኛቷ ነው!»

እጁ ወደ መስኮቱ እንደ ተዘረጋ ቀረ። እዚያ አልጋ የለም፤ የአልጋው እግሮች ምንጣፉ ላይ የተዉት አራት ጉድጓድ ብቻ ነው ያለው። እጁ ቀስ እያለ ወረደ። ዶክተር መፍቻውን ከአንዱ ኪሱ አውጥቶ ሌላው ኪሱ ውስጥ ከተተ። አስተማሪዋ ዘፈኑን አቆመችው።

«ለመስኮቱ ብለን ነበር እዚያ ያስተኛናት» አለ አባቷ ቁልቁል እያየ። «ራስጌዋ ከግራው ስፒከር ጋር ገጠመ። ስከፍተው ትባንናለች። ስዘጋው ደግሞ... ትንፋሿን ብቻ እየሰማሁ መስፋት አቃተኝ። እጄ ይስታል። ወደ እኔ አዞርኩት።»

«እና ለምን አልነገርከኝም? ያን ሁሉ ስነዘንዝህ?»

«እሷ ናታ። ‹ሕመሜ ዘፈን እስኪከለክለኝ መክፋቱን ካወቀች ሥራዋን ጥላ ትመጣለች፤ እንዳትነግራት› አለችኝ።»

አስተማሪዋ በልቧ የታዘበችውን ሁሉ አሁን ማንን ይቅርታ እንደምትጠይቅበት አላወቀችም።

«ወደ ነበረበት ልመልሰው፣ አባቴ?» አለ ዶክተር ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አባቷ ራሱ መጥቶ ማዞሪያውን እስከ ጥጉ ወደ ቀኝ አዞረው። «እንዲህ ይሁን።» ሱሪውን ከመሬት አንሥቶ፣ አራግፎ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ሦስት ወር የዘለቀው ዝምታ አስተማሪዋ ዓይኗ እያየ ተመለሰ።

ጫማዋን አወለቀች። ሄዳ በአራቱ ጉድጓዶች መካከል፣ ራሷን ወደ ስፒከሩ አድርጋ ምንጣፉ ላይ ተጋደመች። ዜማውን በስልኳ እንደገና ከፈተችው።

«ምን ሆነሻል ልጄ? ይበርድሻል፣ ተነሺ እንጂ!»

«ነቅቻለሁ፣ አባዬ» አለች ጣሪያ ጣሪያውን እያየች። «አልተኛሁም። ወደዚህ ትንሽ አዙርልኝ።»

ዶክተር ዕቃውን ሳይሰበስብ ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ወጣ።

አባቷ ሱሪውን መኪናው ላይ አስቀምጦ ከወንበሩ ተነሣ። ወደ ቴፑ ሄደ። ከዚያ ማዞሪያውን በሁለት ጣቱ ያዘና ክር በመርፌ ቀዳዳ እንደሚያስገባ ሰው ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ አንድ ፀጉር ያህል አዞረው። ከራስጌዋ ፒያኖው በስሱ ተሰማ።

«ይበቃሻል?»

«ትንሽ ጨምርልኝ።»

ጨመረላት።