ማባዛት ወረፋ ሲጠብቅ

የጥልፍ ቤቱ አሮጌ ኮምፒዩተር ዓመታት ሙሉ ሲያቃስት ኖሮ፣ ልክ የቤቱ ወንድ ልጅ ከውጭ በተመለሰ ሰሞን ጭጭ አለ። ታላቅ እህቱ ሽፋኑን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ፣ "አንተን ሲጠብቅ ነበር፤ አደራውን አስረክቦ አረፈ" አለችው። ቀልዷን ነበር፤ ፊቷ ግን አልሳቀም።

የጥልፍ ማሽኑ ደህና ነው። ችግሩ፣ ማሽን የሰው ቋንቋ አይሰማም። የሚገባው መርፌው ወዴትና ምን ያህል እንደሚሄድ የሚነግሩት ቁጥሮች ብቻ ናቸው። ሰው በቃላት የጻፈውን ንድፍ ተቀብሎ ወደ ቁጥር የሚቀይርለት ፕሮግራም፣ እነሱ "አስተርጓሚው" የሚሉት፣ ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ ሄደ። የተረፉት እህቱ በፍላሽ ገልብጣ ያስቀመጠቻቸው ንድፎች ናቸው። ከነሱም አንዱ የእናታቸው አበባ ነበር።

እናታቸው ዓይኗ ሳይደክም ከራሷ አፍልቃ ያወጣችው ትልቅ አበባ ነው። መጋረጃ ላይ፣ የአልጋ ልብስ ላይ፣ የትራስ ጨርቅ ላይ እየሆነ ያልገባበት ቤት አልነበረም። የሰው ቤት ሲያስጌጥ ኖሮ፣ እነሱ ዘንድ የቀረችው አንዲት የትራስ ልብስ ግን አልቃ የመስኮት መወልወያ ሆነች። አሁን አበባው ያለው ገጽ በማይሞላ ጽሑፍ ውስጥ ነው፤ ጽሑፉን የሚያነብለት ደግሞ የለም።

"ዓይኔስ ይቅርብኝ" አለች እናቱ፣ መስኮቱ ሥር ከተቀመጠችበት። "ጣቴ ግን አልታወረም። አንድ አውጡልኝና ልዳስሰው።"

"ምን ችግር አለ እማዬ፣ የተማርኩት ይሄንኑ አይደል?"

እውነቱን ነው። የፕሮግራም ቋንቋ እንዴት እንደሚፈጠር፣ አስተርጓሚስ እንዴት እንደሚሠራለት ነበር ባሕር ተሻግሮ የተማረው። ግን ከተመለሰ ጀምሮ ለምን እንደተመለሰ ራሱን ይጠይቃል፤ እዚያ እያለም ለምን እንደሄደ ሲጠይቅ ነው የኖረው። ሻንጣውን እንኳ ገና አልፈታም፤ ከላይ ከላይ እያወጣ ይለብሳል፣ ሲታጠብ መልሶ እዚያው ይከታል።

ላፕቶፑን ወጥ ቤት ያለው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ። የመጀመሪያውን አስተርጓሚ የሠሩትም እዚሁ ነበር። ጥግ ላይ የጋለ ብረት ያሳረረው ምልክት እስካሁን አለ። ያኔ እህቱ ኮምፒዩተሩን ከአንድ የተዘጋ መሥሪያ ቤት አምጥታው፣ እሱ ከትምህርት ቤት ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ተውሶ፣ ሦስቱ ተሰበሰቡ። እናት በእጇ እየጠለፈች ትናገራለች፤ እህት ትጽፋለች፤ እሱ ለያንዳንዱ ቃል ትርጉም ይሰጣል። ሂድ። ዙር። ውጋ። ድገም። ከአራት ቃል ቋንቋ ተወለደ። መጀመሪያ ቀን "ድገም" ብለው እስከ መቼ እንደሆነ መንገር ረሱና፣ ማሽኑ አንዱን ቦታ ሲወጋ ሲወጋ ጨርቁን ወንፊት አደረገው።

"ይሄን የመሰለ ታዛዥ ልጅ ሳልወልድ መቅረቴ!" ብላ እናቱ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

አሁን ግን ልጅ አይደለም። አዲሱን አስተርጓሚ በወጉ ሠራው። ጽሑፉን በየቃሉ ከፋፈለ፤ ቃላቱን እንደ ዛፍ አቆማቸው፤ ቅጠሎቹ ላይ ቁጥሮቹን፣ ቅርንጫፎቹ ላይ መደመሩንና ማባዛቱን ሰቀለ። ከዚያ አስተርጓሚው ከቅጠል ወደ ግንድ እየወረደ ያሰላል። ይህን ዛፍ ይወደዋል። እዚያ ማዶ ያስተማረው ሰውዬ ትከሻውን ቸብ ያደረገው በዚህ ነበር።

ላፕቶፑን ከማሽኑ የሚያገናኝ ገመድ ሻንጣው ሥር ነበርና፣ ልብሱን ሁሉ አልጋው ላይ ገለበጠው። ማሽኑ ተነሣ፤ መርፌው ተንጣጣ። እህቱ ጨርቁን ከፍሬሙ አላቃ እናቷ ጭን ላይ አነጠፈችው።

ጣቶቿ ሄዱ፣ ቆሙ፣ ተመለሱ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"አበባሽ ነዋ።"

"የኔ አበባ መጠጥ አይቀምስም" አለች። "ይሄ ሰክሮ አጥር ላይ የወደቀ ነው።"

አልዋሸችም። አንዱ ቅጠል አጥሯል፣ ሌላው ሄዶ ሄዶ ሳይገናኝ ቀርቷል። እህቱ ፊቷ ተለዋወጠ። ወንድሟን ወደ ጓዳ ጠርታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ስገለብጠው ተበላሽቶ ቢሆንስ? የጎደለ መስመር ካለ... እሷ አታስታውሰውም። እኔም አላስታውሰውም።"

"አይዞሽ እትዬ፣ ላየው።"

ቀኑን ሙሉ አየው። እያንዳንዱን መስመር ፈተሸ፣ አስተርጓሚውን ፈታ፣ መልሶ ገጠመ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነበት። ጽሑፉ የጎደለ አይመስልም፤ አስተርጓሚው ያጠፋው የለም፤ አበባው ግን ያው ሰካራም ነው። "ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ምኑን ነው?" እያለ ተኛ።

በማግስቱ ዳቦ ሊገዛ ወጣ። ሰልፉ እስከ ጥግ ድረስ ነው። ከረባት ያሰረ አንድ ሰውዬ "ቸኩያለሁ፣ ቢሮ እገባለሁ" እያለ ከፊት ሊሸጎጥ ሲል፣ ዘንቢል የያዘች ሴትዮ እጇን ዘርግታ አገደችው።

"እኛ ታዲያ ፀሐይ ልንሞቅ የወጣን መሰለህ? ማን ሆነህ ነው የምትቀድም? ወረፋህን ያዝ!"

ሰልፈኛው ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ።

ማን ሆነህ ነው የምትቀድም። ይህን ቃል ያውቀዋል። ወጥ ቤት፣ ያ ጠረጴዛ፣ እናቱ ክር በጥርሷ ስትበጥስ። "ሁለት ውጋ፣ ሦስት ጨምር፣ ያን አራቴ" ብላ ነበር። እሱም በጉራ፣ "እማዬ፣ በሂሳብ ሕግ መጀመሪያ ሦስቱ በአራት ይባዛል፣ ሁለቱ ኋላ ይደመራል፤ መልሱ አሥራ አራት ነው" አላት። እሷ ጨርቁ ላይ የቆጠረችው ሃያ ነው። "ማባዛት ማን ሆኖ ነው የሚቀድም? የመኳንንት ልጅ ነው? እኔ ቤት ሁሉም በወረፋው!" አለች። እሱም እየሳቀ አስተርጓሚውን እንዲያ ሠራው፤ የቀደመ ይቀድማል፣ የመጣ ይሰለፋል። አበባው ሁሉ የተቆጠረው በዚያ ሕግ ነው። በኋላ የተማረው ትምህርት ግን ይህን ጠራርጎ ስለወሰደው፣ ማባዛት ይቅደም አይቅደም ብሎ መጠየቅ እንኳ አልታሰበውም።

ቤት ሲገባ እህቱ በር ላይ ነበረች።

"ዳቦውስ?"

"ወረፋ ላይ ነው" አላትና አልፏት ገባ። "እማዬ! ማባዛት ወረፋ ይጥሳል?"

"እኔ ቁጭ ብዬ?" አለች እናቱ።

የሚወደውን ዛፍ ቆረጠው። ማባዛትን ወደ ላይ የሚያወጣውን ቅርንጫፍ ሁሉ አጥፍቶ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ እንደ ሰልፍ፣ ተራ በተራ እንዲያሰላ አደረገ። አጭርና ተራ ነገር ሆነ። እዚያ ማዶ ያለው ሰውዬ ቢያየው ቀይ እስክሪብቶውን ያነሣ ነበር።

መርፌው ተንጣጣ። ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ዞረው ገጠሙ። የመጨረሻው መጥቶ ከመጀመሪያው ጋር ሲገናኝ እህቱ አፏን በመዳፏ ያዘች።

እናቱ ዳሰሰችው። ከመሃል ጀመረች፣ ወጣች፣ ዞረች። አንድ ቅጠል ላይ ብዙ ቆየች።

"ደህና ገባህ" አለች። ለአበባው ይሁን ለልጇ አልለየም።

እሱ የአስተርጓሚው ጽሑፍ አናት ላይ አንድ መስመር ጨመረ፦ በዚህ ቤት ሁሉም በወረፋው። እህቱ በትከሻው በኩል አነበበችው።

"ለማን ነው የምትጽፈው?"

"ተምሬ መጣሁ ብሎ ሊያስተካክለው ለሚነሣው።"

"እሱንማ እናውቀዋለን" ብላ ጆሮውን ቆነጠጠችው።

"እናንተ ወሬኞች" አለች እናቱ ከመስኮቱ ሥር፤ ጨርቁ ጭኗ ላይ ነው። "ከዚህ ጎን እምቡጥ ይጎድለዋል። ድሮም ይጎድለው ነበር፣ ጊዜ አጣሁለት። ቁጭ በሉና ጻፉ።"

እህቱ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠች። እሱም ወንበር ሳበ።

"ሁለት ውጋ" አለች እናቱ፣ ጣቷ ቅጠሉ ጫፍ ላይ እንዳለ። "ሦስት ጨምር... ቆይ አንተ፣ አትቸኩል፤ ገና የሚሰለፍ አለ።"