ወገቡ ዝም ካለ በኋላ

"ሕመሙ ነው" እያልኩ ስንት ዓመት ኖርኩ መሰላችሁ። ባሌ ሳህን ሲወረውር፣ ሕመሙ ነው። ጎረቤት ሰላም ሲለው ፊቱን ሲያዞር፣ ሕመሙ ነው። ልጃችንን፣ ያቺን የመሰለች ልጅ፣ እንግዳ ፊት "ደደብ" ብሎ ሲያዋርዳት ኩሽና ወስጄ "አባትሽ አይደለም የተናገረሽ፣ ወገቡ ነው" እላታለሁ። ወገብ አፍ ያለው ይመስል።

ባሌ የወለልና የግድግዳ ሴራሚክ የሚገጥም ባለሙያ ነበር። ከመወጣጫ ላይ ወድቆ ወገቡ ተጎዳ፤ ሁለቴ ኦፕራሲዮን ተደረገ፣ ሁለቴም ባሰበት። ክኒኑ ጨጓራውን አነደደው እንጂ ወገቡን አልነካውም። መቀመጥ የለ፣ መተኛት የለ። ይህን አልክድም፤ ያኔ ሲያቃስት እየሰማሁ አብሬው አልቅሻለሁ።

ልጄ በመጨረሻ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ከተተችና ከከተማው ማዶ አንዲት ክፍል ተከራየች። "እማዬ፣ አባዬ ሲሻለው እመለሳለሁ" አለችኝ በሩ ላይ ቆማ። እኔም አመንኩ። ከዚያ ወዲህ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ሕመሙ ይልቀቀውና ልጄ ትመለስልኝ።

ታዲያ የሕመም ማስታገሻ ፓምፕ የሚሉት ነገር መጣልን። የጫማ ቀለም ቆርቆሮ የምታህል ክብ ነገር ናት። ሆዱ ላይ፣ ከቆዳው ሥር ቀበሯት። ከእሷ የተነሣ ቀጭን ቱቦ በጎኑ ዞሮ አከርካሪው ውስጥ ይገባና መድኃኒቱን ጠብ ጠብ ያደርጋል። ሲያልቅ የምትከታተለው ሐኪም በቆዳው ላይ በመርፌ ትሞላዋለች። መጠኑን ደግሞ ስልክ የመሰለ ነገር ሆዱ ላይ ይዛ ትጨምራለች፣ ትቀንሳለች።

በየቀጠሮው "ከዜሮ እስከ አሥር ሕመሙ ስንት ነው?" ትላለች። እሱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ድሮም ለሰው መልስ መስጠት ክብሩን የሚቀንስበት ይመስለዋል። ስለዚህ እኔ እመልሳለሁ። በምን ለክቼ? በጩኸቱ ነዋ። ጠዋት ሸሚዜ ተጨማደደ ብሎ ከሰደበኝ፣ ሰባት። እናቴን ጨምሮ ከሰደበ፣ ዘጠኝ። ሐኪሟም ታምነኛለች፤ ትጨምራለች። እኔም "ይኼኛውስ ያበርድልኛል" እያልኩ ቤቴ እገባለሁ።

እሱ ግን ማንኪያ እንደያዘ እንቅልፍ ይጥለው ጀመር። ሲነቃ ይሳደባል፣ ተሳድቦ ሲጨርስ ያንኮራፋል።

ባለፈው ቀጠሮ ሐኪሟ ወንበር ላይ ሲያንቀላፋ አየችው። ጎንበስ ብላ ትንፋሹን አዳመጠችና ፊቷ ተለወጠ። እኔ እንደለመድኩት "ዘጠኝ ነው ዶክተርዬ፣ ትንሽ ጨምሪለት" ስል በእጇ አስቆመችኝ።

"እናቴ፣ ዛሬ እሳቸው ይንገሩኝ።" ትከሻውን ነቅነቅ አደረገችው። "አባቴ፣ ወገብዎ እንዴት ነው?"

"ወገቤ?" አለ ዓይኑን እያሻሸ። "ወገቤማ ይኼ ነገር ከተተከለ ጀምሮ ዝም ብሏል።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? ይህን ሁሉ መድኃኒት እኮ ነው የጨመርኩት። ትንሽ ብንቆይ ትንፋሽዎ ቀጥ ይል ነበር።"

"እሷን ጠይቂያት። መች ታስወራኛለች።"

"ጩኸቱስ?" አልኩ፤ ለሐኪሟ ይሁን ለእሱ እንጃ። "ስድቡስ? ከሕመሙ አይደለም እንዴ?"

ቂል እንደሚያይ ሰው አየኝ። "በገዛ ቤቴ ብናገር ምን አለበት?" አለ። ተረጋግቶ ነው ያለው፤ ማቃሰት የለ፣ ምን የለ፣ እግሩን አነባብሮ።

ሐኪሟ መጠኑን ቀነሰችው። "ይህቺ ፓምፕ የምትሠራው ለሕመም ብቻ ነው እናቴ" አለችኝ ቀስ ብላ። ደግ ልጅ ናት። ደግነቷ ይበልጥ አንገበገበኝ።

ኮሪደሩ ላይ ቀድሞኝ ይራመዳል፣ ቀጥ ብሎ፣ እንደ ጎረምሳ። እኔ ከኋላው ሆኜ ድሮን አስባለሁ። ከመውደቁ በፊት ገር ነበር እያልኩ ለልጄ ስነግራት ኖሬአለሁ። ገር? ማለዳ ወጥቶ፣ ማታ ደክሞ ገብቶ የሚተኛ ሰው መቼ ተናግሮ። ቤት መዋል የጀመረው ከወደቀ ወዲህ ነው። ለወገቡ ያፈሰስኩት እንባ ሳይቀር ቆጨኝ።

"ምን ትጎተቻለሽ፣ አንቺ ድንዝዝ" አለ ዞሮ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

አግዳሚው ላይ የተቀመጠች አንዲት አስታማሚ ከንፈሯን መጠጠችልኝ። "አይዞሽ እህቴ፣ ሕመሙ ነው" አለች።

"አይደለም" አልኳት።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ልጄ ናት፤ በቀጠሮ ቀን ሁሌ ትደውላለች። "እማዬ፣ ምን አሉ? ለቀቀው?"

"ለቆታል ልጄ። ከለቀቀውማ ቆየ።"

እፎይ ስትል ሰማኋት። "በቃ ዕቃዬን ልሰብስባ። ቅዳሜ ልምጣ?"

"አትምጪ" አልኳት። "አልጋሽ ለሁለት ሰው ይበቃል?"