ውስጥ እግሬን ያየችው ልጅ

ውስጥ እግሩን ሰው ራሱ አያየውም፤ ሌላ ነው የሚያይለት። የእኔን ባለቤቴ አምሳል ነበረች የምታየው፣ ማታ ማታ እግሬን ስታጥበኝ። ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት፤ ቄስ ደግሞ ሁለተኛ አያገባም። በጸሎተ ሐሙስ፣ ካህናቱ እርስ በርሳችን እግር ስንተጣጠብ፣ ባልንጀራዬ ቄስ ወልደ ዮሐንስ እግሬን እንደያዘ ቀረ።

«ምነው ዕንባቆም፣ ይኼ ጥቁር ነገር ምንድን ነው?»

እኔ ምን አውቄ! ቤቴ ገብቼ በመስታወት ላየው ስል ከአልጋ ወደቅሁ። የሚያነሳኝም አልነበረ።

ከምኖርበት ከኮሶዬ ጎንደር ሆስፒታል ወረድሁ። ሐኪሙ የቆዳ ካንሰር ሊሆን ይችላል ብሎ በብርሃን ወደሚመረምሩበት ክፍል ላከኝ። ከሆነ እግሬ ሊቆረጥ ነው፤ መቆም ያቃተው ቄስ ደግሞ እንዴት ይቀድሳል? እዚያ ዳግማዊት የምትባል የፊዚክስ ምሩቅ ብቻዋን ተቀምጣለች። እስክሪብቶ የሚያህል መሣሪያ ምልክቱ ላይ አበራች። ጤነኛ ቆዳና የታመመ ቆዳ የሚመልሱት ብርሃን አይመሳሰልም፣ ኮምፒውተሩ ልዩነቱን ያነባል አለችኝ። ሲያነብ ፊቷ ተለዋወጠ።

«አባ፣ የቀቡት ነገር አለ?»

«ምን እቀባለሁ!» ብዬ ጮኽሁባት። ቁጣ መቼም አያልቅብኝም። ቆይቼ ግን አመንሁ፤ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን የወሰድሁትን እምነት፣ አመዱን፣ በጠበል ለውሼ ቀብቼው ነበር።

«መሣሪያው እሱንም ጨምሮ ነው ያነበበው። ልጠበው?»

«እምነት ቱቦ ውስጥ አይደፋም!»

«አይደፋም፣ አባ።»

ሳፋ አምጥታ ተንበረከከች። ከአምሳል ወዲህ፣ በዓመት አንዴ ለሥርዓቱ ካልሆነ ሰው ያልነካው እግር ነው። በጣቶቼ መሐል ሳይቀር ስታሸኝ ዕንባዬ መጣ፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። ውሃውን ቤተ ክርስቲያን ግቢ እንዳፈስሰው በጠርሙስ አድርጋ ሰጠችኝ።

ደግማ ለካች። ካንሰር አይደለም። ሐኪሙም መጥቶ አየና ተስማማ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ሆዴ ባባ፤ አሁን መሄዴ ነው።

«ብቻ ሊለወጥ ስለሚችል በየወሩ መታየት አለበት» አለች፣ በቀጠሮ መዝገቡ ላይ ስሜን እየጻፈች። «ቤት የሚያይልዎት ከሌለ እኔ ዘንድ ይመጣሉ፤ አጥቤ አይልዎታለሁ። ሰው አለዎት?»

የለኝም ማለት ነበረብኝ። የስንቱን ኑዛዜ የሰማሁ ሰው፣ በልጅ ፊት ብቸኛ ነኝ ማለት አፈርሁ።

«ባለቤቴ አለች» አልኋት።

«ተመስገን! እንግዲያ ምን ያመላልስዎታል» አለችና ስሜን ሰረዘችው።