ዝንብ የማያርፍበት ዓሣ

«ኑ እንጂ! ዝንብ የማያርፍበት የዝዋይ ዓሣ! ዞር ብሎ የሚያየው ዝንብ የለም!»

ወይንሸት ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ትጮሃለች። የአሰላ ገበያ ጢም ብሏል። ሁዳዴ ነው፤ ካህናቱ ዓሣ ይበላል አይበላም እያሉ ሲከራከሩ ሰዉ ገዝቶ ይሄዳል። መሬት ላይ ባነጠፈችው ጆንያ የተደረደረው የዓሣ ቋንጣ ገና ረፋድ ሳይሆን ተጋምሷል።

አጠገቧ የምትሸጠው ከዲጃ ግን ቅጠል ይዛ ዝንብ ታባርራለች። አንዱ ሲሄድ ሁለት ይመጣል።

«እትዬ ከዲጃ፣ ለዝንብ ግብር አበላሽ እንዴ?» አለቻት ወይንሸት። ገዢዎቹ በሳቅ ፈረሱ።

«ሳቂ አንቺ ኢንተላ፣ ሳቂ አንቺ ልጅ! ዝንብ የፈራውን ሰው እንዴት ደፈረው?»

«ምቀኝነት ነው!» ብላ አለፈቻት፤ ነገሩ ግን እንደ እሾህ ተሰካባት። ምስጢሩን ታውቀዋለቻ! ያሳደገቻት አክስቷ አፀደ፣ ዝዋይ ላይ ከወባ ማጥፊያ ሠራተኞች ዲዲቲ የሚባል ነጭ ዱቄት ለምና አምጥታ ነበር። የቤቱን ትኋን ድራሹን ሲያጠፋው ጊዜ፣ «ለዝንብም ይሆናል» ብላ ዓሣው ላይ እንደ ጨው ነሰነሰችው። ወይንሸትም አብራ ነስንሳለች።

ጎረቤታቸው ብርቄ ልጇን አዝላ መጣችና ሁለት ዓሣ ገዛች። ሕፃኑ በትከሻዋ ላይ ተንጠራርቶ የአንዱን ጭራ ጨመደደ።

ያኔ አንድ የተሳሳተ ዝንብ ጆንያው ላይ አረፈ። ተወላገደ። በጀርባው ወደቀና እግሮቹን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ተንፈራገጠ። ወይንሸት ጎንበስ ብላ አየች። ከጠዋት ጀምሮ ጥቁር አዝሙድ የመሰላት ሁሉ የሞተ ዝንብ ነው!

ቀና ስትል ሕፃኑ ጭራውን ወደ አፉ እየወሰደ ነው። ጆንያውን ዘልላ ዓሣውን ከእጁ መነጨቀችው። ልጁ አገር ይያዝልኝ አለ።

«ምን ነካሽ? የከፈልኩበትን!» አለች ብርቄ።

«እጁን እጠቢለት እትዬ ብርቄ! የትኋን መርዝ አለበት!»

ገበያው በጫጫታ ቀለጠ። አክስቷ አፀደ ዓሣውን ጭኖ ከመጣው ካሚዮን በኩል እየሮጠች ደረሰች።

«ምላስሽ ይቆረጥ! ሲታጠብ ይለቃል አላልኩሽም?»

«እጄን ስንቴ በሳሙና አጠብኩ፣ ሽታው መች ለቀቀኝ? እስቲ ይታጠብና መጀመሪያ አንቺ ቅመሽው፣ አክስቴ።»

አፀደ እጇን ወደ ዓሣው ሰደደች። እጇ ግን ሳይነካው ቆመና ተመለሰ፤ በነጠላዋ ጠረገችው።

ብርቄ ይህን አይታ የያዘችውን ጣለች። ወይንሸት ግን ዓይኗ የጆንያው ባዶ ግማሽ ላይ ነበር። ያ ሁሉ ዓሣ አሁን በየሰዉ ጓዳ ነው፤ ቀትር ሲሆን ይበላል።

«ከዚህ ንቅንቅ ብትዪ ቤቴ አትገቢም! አገር ለአገር ልታዋርጂኝ?» አለች አክስቷ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ወይንሸት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች።

«እትዬ ከዲጃ፣ ይህን ውሻም እንዳይነካው ጠብቂልኝ።»

ከዲጃ አልሳቀችባትም። ዝንብ ስታባርርበት የነበረውን ቅጠል ዓሣው ላይ ጣል አደረገችና ፊቱ ቆመች። «ሂጂ፣ ፍጠኚ!»

ወይንሸት በጋሪዎቹ መሃል ሽቅብ በረረች፤ ያው የጠዋቱ ድምፅ፦

«ዝንብ የማያርፍበት ዓሣ የገዛችሁ! የሸጥኩላችሁ እኔ ነኝ! እንዳትበሉት!»