ካልሲ ለማሾ

የሰፈሩ ትራንስፎርመር ከተቃጠለ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ልጅቷ ከጠዋት ጀምራ ካልሲ ፍለጋ ስትንከራተት ውላለች፤ የእግር ሳይሆን የማሾ ካልሲ። ማሾ፣ ያ በነጭ ጋዝና በአየር ግፊት የሚነደው ፋኖስ፣ አናቱ ላይ የምትታሰር ትንሽ የመረብ ከረጢት ከሌለችው ቆርቆሮ ነው። ከረጢቷን እነሱ ቤት ከካልሲ ሌላ ስም ጠርቷት የሚያውቅ የለም። ስሟ የቤት ስም መሆኑን ያወቀችው ግን ዛሬ፣ አራተኛው ሱቅ ላይ ነው።

«የምን ካልሲ አልሽኝ?»

«የማሾ።»

«ማሾ ደግሞ ከመቼ ወዲህ እግር አወጣ?»

ደጃፍ የቆመው ሁሉ ሳቀ። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምራ የአንድ ዕቃ ስም አጥታ፣ «ያ... የሚንጠለጠለው» እያለች በጣቷ አየር ላይ መሳሏ አንገበገባት።

ባዶ እጇን እንዳትመለስ የእናቷ ነገር አለ። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። በእግር የሚረገጠው መኪናዋ መብራት አይፈልግም፤ ዓይኗ ነው የሚፈልገው። ለክሊኒኩ የምትሰፋቸው አሥራ አራት ጋዋኖች ነገ ጠዋት መድረስ አለባቸው፤ ስድስቱ ገና እጅጌ የላቸውም። ዋና ነርሷ ትናንት መጥታ፣ «እኔ እንኳ እታገስሽ ነበር፤ ካልደረሰ ግን ጄኔሬተር ላለው ሰፊ ስጪ ተብያለሁ» ብላ ሄዳለች። የአሥራ አምስት ዓመት ደንበኛ በአንዲት ከረጢት ሰበብ ሊያመልጥ ነው። ሻማውማ ተሞክሯል፤ በሻማ የተሰፋው እጅጌ ተገልብጦ ተገኘ።

በመጨረሻ ባለሱቆቹ ወደ ጋሽ ቅንድብ ላኳት። ጋሽ ቅንድብ ቆርቆሮ ሠሪ ነው፤ ስሙን ያገኘው ቅንድብ ስለሌለው ነው።

«የማሾ ካልሲ አለዎት?» አለች፣ ለሳቁ ተዘጋጅታ።

እሱ ግን አልሳቀም። «ካልሲ የምትል አንዲት ሴት ብቻ ነው የማውቀው። የሰፊዋ ልጅ ነሽ?» ከቆርቆሮ ሣጥን ሁለት ከረጢትና አንድ የክዳን ማሸጊያ ጎሚኒ አወጣ። «ሁለቱንም ያዢ። አንዱ ለማሾው፣ አንዱ ለእናትሽ እጅ።»

የሽማግሌ ወግ መሰላትና ሁሉንም ኪሷ ከተተች።

«ደጅ ነው የምትሞክሪው። ነጭ ጋዝ ብቻ፤ ቤንዚን ጠብ እንዳይልበት። መጀመሪያ ሳትለኩሺ ንፊውና መጋጠሚያውን ሁሉ የሳሙና አረፋ ቀቢው። አረፋው ከተንተከተከ ያፈሳል ማለት ነው፤ ክብሪት እንዳታስጠጊ።»

«ባስጠጋስ?»

ጣቱን ቅንድብ ሊኖር በሚገባው ቦታ ላይ አሳረፈ።

ጀምበር ሳትጠልቅ ቤት ደረሰች። ማሾውን ግቢው መሐል፣ ከተሰጣው ልብስ አርቃ ድንጋይ ላይ አቆመችው። ነፋችው፤ አረፋውን ቀባች። ክዳኑ ዙሪያ ተንተከተከ። እግሯ እየጠዘጠዛት፣ «አንተም ትስቅብኛለህ?» አለችው። አየሩን አስተንፍሳ ጎሚኒውን ቀየረች፣ እንደገና ነፋች። አሁን አረፋው ዝም አለ። አየሩን መልሳ ለቀቀችው፤ ከረጢቷን አሰረችና ክብሪት ጫረችባት። ከረጢቷ ጨሰች፣ ጠቆረች፣ ተኮማተረች፤ በመጨረሻ፣ ደንቡ እንደሆነው፣ ነጭ የአመድ ዕንቁላል ሆና ተንጠለጠለች።

ማሾው ከመለኮሱ በፊት የሚሞቅበትን አልኮል ልታመጣ ዞር አለች። መርፌዋን ኮሌታዋ ላይ እንደሰካች እናት ከቤት ወጣች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጨርቅ ባየች ቁጥር የምታደርገውንም አደረገች፤ ከረጢቷን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ይዛ አሸት፣ አሸት።

«ይኼ ደግሞ ምን ዓይነት...»

ከረጢቷ ብን ብላ ዱቄት ሆነች።

«እማዬ!»

«ክሩን ልይ ብዬ እኮ ነው።» እናት የነጡ ጣቶቿን አየች፤ ከዚያ በተከፈተው በር በኩል እጅጌ የሌላቸውን ስድስቱን ጋዋኖች። «በቃ። ለሌላው ሰፊ ይስጡት።»

ልጅቷ ድንጋዩ ጥግ ቁጭ አለች። ያኔ ነው አንድ ነገር ትዝ ያላት፤ እጇን ኪሷ ከትታ ሁለተኛዋን ከረጢት አወጣች።

«ከዚህ በፊትም እንዲህ አድርገሻል?»

«አንዴ።» እናት ትንሽ አሰበች። «ሁለቴ። ጋሽ ቅንድብ ነገረሽ?»

«‹አንዱ ለእናትሽ እጅ› አሉኝ። አመል ያወጣል ከመሐል! ሂጂ ታጠቢ፣ ዱቄቱን በአፍንጫሽ እንዳትስቢው። ከዚያ እጅሽን ወደ ኋላሽ አድርጊ።»

ሁለተኛዋም ነደደች፣ ነጣች። አልኮሉ ነዶ ሲያልቅ ማሾውን ነፍታ ጋዙን ስትከፍት ቢጫ ነበልባል ዘለለ፤ ልጅቷ ፊቷን አሸሽታ፣ ካስፈለገ ልትከፍተው ማስተንፈሻውን ያዘች። ነበልባሉ ራሱን ሰበሰበ፤ ማሾው ሽሽሽ አለና ነጭ ብርሃን ለቀቀ። እናት እንደ ተቀጣ ተማሪ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቆማ ነበር።

ልጅቷ ማሾውን ዕንቁላል እንደያዘ ሰው እየተራመደች አስገባችውና ከጨርቁ ራቅ አድርጋ ሰቀለችው። በሩንና መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተች። እናት መኪናዋ ኋላ ተቀመጠች፤ የመጀመሪያውን እጅጌ አንስታ በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አደረገች። ልጅቷ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

«ይኼ ይነካል» አለች እናት፣ መኪናውንም ረገጠችው።